ያሉበትን ያወቀላቸው ስልክ

በአሽቀሎን አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ወታደር ኖፋር አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ዘበኛ ባለፈ ቁጥር እጃቸው መታወቂያቸው ወዳለበት የደረት ኪስ ይሄዳል። ከጎንደር እዚህ እስኪደርሱ ስንት ቢሮ «ለአይሁድነትህ ማስረጃ አምጣ» እያለ እንዳመላለሳቸው እሳቸው ያውቃሉ። አሁን ከመሐረብ የፈቱት ስልካቸው ላይ የኳስ ቤቲንግ ሊቆርጡ ቢሞክሩ በዕብራይስጥ ጽፎ እምቢ አላቸው። ስልኩን ወደ ኖፋር ዘረጉ።

«ልጄ፣ ምን ይላል?»

«አሱር፣ አባባ፤ ክልክል ነው። ያሉበትን ቦታ አይቶ፣ እስራኤል ስላሉ አይቻልም ነው የሚለው።»

«የት ስላለሁ?»

«እስራኤል።»

«ወረቀት ሳይጠይቀኝ?»

«ሳይጠይቅዎት።»

ከት ብለው ሳቁ። «በይ፣ ጮክ ብለሽ ድገሚልኝ!»

ደገመችላቸው። የኮታቸውን ቁልፍ ፈታ ፈታ አደረጉ። ዘበኛው በፊታቸው ሲያልፍም እጃቸው ከጉልበታቸው አልተነሳም።