ሁለተኛው እጀታ

ሰፈሩ በሙሉ «ወፍራሙ» ይለዋል። ሰውየው ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ጃኬቱን ሲሰቅል ሰውየው የቱ፣ ማንጠልጠያው የቱ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። ስሙ የወጣለት በጊታሩ ነው። ቤዝ ይጫወታል፣ ባለ አራት ወፍራም ክሩን። ሰው ሁሉ ዘፋኙን እያየ የሚጨፍረው በእሱ ምት ነው፤ ይህን የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተጫውቷል። አግብቶ ነበር፣ ሚስቱ ጥላው ሄደች። ለምን እንደሄደች አራት ዓይነት ወሬ ሰምቻለሁ፤ አራቱንም ያወራችኝ አንዲት ሴት ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ። እሱ አራተኛ ፎቅ ላይ ከጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ቀረ።

አምፑ ትንሽ ፍሪጅ ያህላል። ጥግ ጥጉ ተላልጧል፣ ግራና ቀኙ ላይ እጀታ አለው። ብቻውን የሚያነሳው ሰው ገና አልተወለደም። ስለዚህ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ የባንዱ ድራመር ይመጣል፣ አንዱን እጀታ እሱ፣ ሌላውን ወፍራሙ ይይዛሉ፣ ከታች የሆቴሉ ፒክአፕ ይጠብቃቸዋል። ሊፍት የለም። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ያስቀምጡትና ያርፋሉ፤ አንዱ አምፑ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ግድግዳ ይደገፋል። ከዚያ ወሬ ነው። ዘፋኙ ይታማል፣ የሆቴሉ ባለቤት ይታማል፣ ሰው ሲያልቅ አየሩ ይታማል። ልብስ ሰፊዋም መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ይዛ በሯን ትከፍታለች።

«ዛሬም ይህን የሬሳ ሣጥን ተሸክማችሁ መጣችሁ?»

«ሬሳው ከኋላ እየመጣ ነው እታለም» ይላል ድራመሩ፣ በአገጩ ወፍራሙን እያሳየ።

እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ዓመት አሳለፉ።

ነገሩን ያበላሸው የሆቴሉ ድምፅ ተቆጣጣሪ፣ ሳውንድ ማኑ ነው። «ጋሼ፣ አምፕዎ መድረኩን ያናውጠዋል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ጭቃ ነው። ፕሪአምፕ ፔዳል ይያዙ» አለው። ወፍራሙ ገዛ። ፔዳሏ ከጡብ የምታንስ የብረት ሣጥን ናት፤ በአንድ በኩል ጊታሩ ይሰካል፣ በሌላው በኩል የወጣው ገመድ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ማኑ ሚክሰር ይሄዳል፣ መሀል ላይ አምፕ የሚባል ነገር የለም። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ድምፅ የሚያሻክረውን ቁልፍ ዜሮ ላይ ዘጋው። መግቢያውን ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ከፍ ያደርግና መለስ ያደርገዋል። የታችኛውን ድምፅ አይነካም፣ መሀሉን ግን በጣት ጫፍ ያህል ይጨምራል፣ ካልጨመረ ድራሙ ይውጠዋል። «እምም» የሚል ጩኸት ከመጣ ጎኗ ላይ ያለችውን ማብሪያ ይጫናል፣ ጸጥ ይላል።

እውነት ለመናገር ጠራ፤ ታጥቦ እንደተወለወለ ብርጭቆ ጠራ። ሳውንድ ማኑ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ የት ተደብቀው ነበር?» አለው።

ግን ፔዳሏ የጃኬት ኪስ ትገባለች። ወፍራሙ ጊታሩን አንግቶ ብቻውን ወረደ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ በሯን ከፈተች፣ ከማን ጋር ታውራ? ዘጋችው። ድራመሩም ከቤቱ በቀጥታ ሆቴል መሄድ ጀመረ፤ ተጫውተው ሲያበቁ ሚስቱ በመኪና ትወስደዋለች። ሰላምታ በዛ፣ ወሬ ጠፋ።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ወፍራሙ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ጫማውን አስሮ አምፑ ላይ ይቀመጣል። ለሥራ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።

አንድ ረቡዕ ለድራመሩ ደወለ። «ፔዳሏ ተበላሽታለች። ቅዳሜ አምፑን እናወርዳለን።»

«ምን ሆነች?»

«ድምፅ የላትም።»

«ገመዱን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እሺ፣ አሥር ሰዓት እመጣለሁ።»

ፔዳሏ ጉልበቱ ላይ ነበረች፣ መብራቷ እንደበራ።

በማግስቱ ስቱዲዮ ነበረው። ድሮ ባንዱ አንድ ክፍል ታጭቆ ነበር የሚቀዳው፤ ለአምፑ የተደገነው ማይክ የድራመሩን ሳልም የወንበሩን ሲጥሲጥታም ይዞ ይቀር ነበር። ዛሬ ሁሉም በየተራው ነው። ድራመሩ ሰኞ ተቀድቶ ሄዷል። ወፍራሙ ግድግዳው ምንጣፍ በለበሰ ክፍል ውስጥ ፔዳሏን ሰካ፣ ሄድፎን አደረገ፣ ሰኞ በተመታ ድራም ላይ ሐሙስ ተጫወተ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቀጂ አውራ ጣቱን አነሳ። በድምፁ ውስጥ ከጣቱና ከክሩ በቀር ማንም የለም።

ዘፈኑ አለቀ፣ የመጨረሻው የሲምባል ድምፅ ሞተ። የድራሙ ቅጂ ግን አልቆመም፤ ሰኞ ዕለት ማይኩን የዘጋው ሰው የለም። ሄድፎኑ ውስጥ ድራመሩ ያወራል።

«ወገቤ ነው። ሐኪሙ ከባድ ነገር አትንካ ካለኝ አራት ዓመቴ።»

«ታዲያ አምፑን ትሸከም አልነበር እንዴ?» የቀጂው ድምፅ ነው።

«ምን ላድርግ? ከእኔ ሌላ ማንን ይጥራ? ያቺ ፔዳል የመጣች ዕለት ግን፣ እውነቴን ነው፣ ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን ተኛሁ።»

ከዚያ ቀጭ አለና ጠፋ። ከመስታወቱ ወዲያ የቀጂው ፊት ቀላ። «ይቅርታ ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ የቀረ ወሬ ነው፤ እቆርጠዋለሁ።»

«ቁረጠው» አለ ወፍራሙ፣ ገመዱን ከመጠን በላይ በጥንቃቄ እየጠቀለለ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ድራመሩ ገባ። ከሸሚዙ ሥር ሰፊ የወገብ ቀበቶ ታስሯል፤ ምናልባት አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። ምንም ሳይል ሄዶ በርከክ አለና እጀታውን ያዘ።

«ተወው» አለ ወፍራሙ። «ተሠርታለች።»

«ማን ሠራት?»

«ገመዱ ነበር።»

«ገመዱን አይቻለሁ አላልክም?»

«በደንብ አላየሁትም።»

ድራመሩ እጀታውን ለቀቀና ግድግዳ ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?»

«ረሳሁት። ተቀመጥ እንጂ።»

«ባለቤቴ ታች መኪና ውስጥ ናት። እንውሰድህ?»

«ገና ነኝ፤ ቅደሙ።»

ድራመሩ የወፍራሙን ጫማ አየ። ጥብቅ ብሎ ታስሯል። «እሺ» አለ፣ «እዚያው እንገናኝ።»

ወፍራሙ በሩን ገርበብ አድርጎ የእግሩን ኮቴ አዳመጠ። ሦስተኛ ፎቅ። ሁለተኛ ፎቅ። እዚያ ሲደርስ ኮቴው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ በሯን ስትከፍት ድራመሩ ግድግዳውን ተደግፎ እንደነበር ነግራኛለች።

ላይ ያለው ሰው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

ከዚያ ኮቴው ቀጠለ። የመኪና በር ተዘጋ፣ ሞተር ተነሳ። ወፍራሙ ገባና አምፑ ላይ ተቀመጠ። ለሥራ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።