ለቅሶ መሪዋ በቢጫ ቀሚስ

ኤዲልማ በማግዳሌና ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ የምትፈለገው ሰው ሲሞት ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጥቁር ለብሳ፣ መቁጠሪያ ይዛ የለቅሶውን ጸሎት ትመራለች። ዘጠኙ ቀን ሲያልቅ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በደህና ቀን እሷን ደጁ ላይ ማየት የሚወድ ማን አለ? ሞትን ቀድማ ታሸታለች ይሏታል፣ ምላሳቸው ይቆረጥና።

ሰው ሁሉ የረሳው ነገር አለ። ኤዲልማ ሴት ልጅ ነበረቻት። ወንዝ ወስዷት ሲያወጧት አንጎሏ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ሳትናገር ሳትቀመጥ አስራ አንድ ዓመት በእናቷ ክንድ ላይ ኖረች። ልጅቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ኤዲልማ ዛሬም ሳታስበው ለሁለት ሰው ካሳቫ ትቀቅልና ብቻዋን ትበላለች።

ከጥቂት ወራት በፊት የጎረቤቷን የያዲራን የሰባት ዓመት ልጅ፣ ዩሌይዲስን፣ ሞተር ብስክሌት ገጫት። ከሆስፒታል ስትመለስ ዓይኗ ተከፈተ እንጂ እናቷንም አታውቅም። ጎረቤቱ ሳምንት ያህል ጎረፈ፣ ከዚያ እግሩ ተቆረጠ። ልጅቱ ባጎረሷት ቁጥር ትን ይላታል፤ ያዲራ እንቅልፍ በዓይኗ ካልዞረ ከርሟል። ኤዲልማ የእንዲህ ያለውን ልጅ አጎራረስ ታውቅበታለች። ሦስት ቀን በተከታታይ ሄደች፤ ያዲራ ሦስቴም ጥቁር ልብሷን በመስኮት አይታ በሩን ቀረቀረች። ልጄ አልሞተችም፣ ሂጂልኝ አለቻት።

ኤዲልማ አልፈረደችባትም። በአራተኛው ቀን ከእህቷ ልጅ ቢጫ ቀሚስ ተውሳ በጠራራ ፀሐይ ወጣች። ዓሣ ሻጮቹ ሠርግሽ ነው እንዴ፣ ሳትጠሪን ብለው ሳቁባት። መንገዷን ቀጠለች።

ያዲራ በሩን ገርበብ አድርጋ ቀሚሱን ትክ ብላ አየችው።

«ልትጸልዪ ነው?»

«ላጎርሳት ነው። አንቺ ተኚ።»

ያዲራ ምንጣፉ ላይ ጋደም አለች። ኤዲልማ ልጅቱን ደረቷ ላይ ደግፋ የሙዝ ገንፎ ጥቂት በጥቂት ሰጠቻት። ልጅቱ ዋጠች።

ገንፎው ሳይጋመስ አንድ ሰው በመስኮት ተጣራ። ሽማግሌው ክሪሳንቶ አርፈዋል፣ ቤተሰቡ አሁኑኑ ይፈልግሻል አላት። እምቢ ካለች ያንኑ የለቅሶ ቤት እንኳ ታጣለች፣ ሌላ የሚጠራት ቤት የላትም። ከሄደች ደግሞ ይሄ በር ዳግመኛ አይከፈትላትም።

«ሌላ ፈልጉ» አለችው። «እኔ በሕይወት ያለች ልጅ ይዣለሁ።»

ያዲራ ለካ አልተኛችም ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ቀና አለች።

«እትዬ» አለች፣ «በሕይወት አለች ብለሽ የተናገርሽላት፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»