በሰው ጋቢ ያለቀስኩት ልቅሶ

ቁጡ ነኝ። ከወለደችኝ እናቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ እኔም አልክድም። ሰማንያን ከተሻገርኩ በኋላ እንኳን ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ ከአልጋ ይነሳል። የምናገረው ግን ጉልበት በነበረኝ ጊዜ፣ ምላሴ ሰው ስለገደለበት ዘመን ነው።

የምንኖረው ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በዚያ ቆላ ማሽላውን የሚያበቅለው የራሳችን ዝናብ ሳይሆን ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ሲመጣ በድንጋይና በእሾህ እየጠለፍን በተራ ወደየማሳችን እንመልሰዋለን። ተራ የነጠቀ ሰው ከልጅ አፍ እንጀራ እንደነጠቀ ይቆጠራል።

አንድ የነሐሴ ቀን ተራው የታላቅ ወንድሜ ነበር። ጎረቤታችን ግን ቀድሞ ወርዶ ጎርፉን ወደ ራሱ ማሳ መለሰው። ወንድሜ ግድቡን ሊያፈርስ ጎንበስ ሲል ሰውዬው በዶማ አናቱን መታው። ደገመው። ጭቃው ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ እያለም ሦስተኛ መታውና ዶማውን እዚያው ጥሎ ወደ አፋር በረሃ ሸሸ። ሬሳውን ያመጣልን የገዳዩ ታናሽ ወንድም ነው። ሮጦ ደርሶ ወንድሜን ከጭቃው አወጣው፤ የገዛ ጋቢውን አውልቆ የተፈለጠውን ራስ ጠቀለለና በትከሻው ተሸክሞ ደጃችን አደረሰው። ውኃ እንኳን ያቀረበለት ሰው አልነበረም።

ያንን ጋቢ አላጠብኩትም። በእኛ ዘንድ ደም የነካው ልብስ ደሙ እስኪመለስ ድረስ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ ሰቀልኩት። ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ፣ እህል ስፈጭ አየዋለሁ። የማን ጋቢ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን የእባብ ልጅ እባብ ነው ብዬ ነገሩን ከልቤ አወጣሁት።

የንስሐ አባቴ መጥተው ስለ ይቅርታ ብዙ መከሩኝ። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት እንደለመነ አስታወሱኝ። እኔ ጌታ አይደለሁም፣ ወንድሜም በሦስተኛው ቀን አልተነሳም ብዬ መለስኩላቸው። አልተቆጡም።

«እንግዲያውስ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሚ፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስትደርሽ ዝም በይ» አሉኝ። «እግዜርን አትዋሽው።»

እልኸኛ ነኝና ቃላቸውን ያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ አፌን እዘጋ ነበር።

በአርባው የተዝካር ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋቢውን ከምሰሶው አውርጄ በሁለት እጄ ዘርግቼ ታናሽ ወንድሜ ፊት ቆምኩ። ካገባ ዓመት ያልሞላው፣ ጠብ የማይወድ ጸጥተኛ ሰው ነበር። እንዲህ ብዬ አለቀስኩበት፦

የወንድምህ ደም አልደረቀም ገና፣
ሱሪህን ለኔ ስጥ እንዝርቴን ያዝና።

ሴቶቹ ተቀብለው ደረት መቱ። እንዝርቴን ከጉያዬ አውጥቼ እግሩ ሥር ወረወርኩለት። በአገራችን ለወንድ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ቀና ብሎ አላየኝም። እንዝርቱን ግን አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ኅዳር ላይ የአባታችንን ምንሽር ይዞ ወጣ። ገዳዩ በረሃ ነው፤ ቀዬው ላይ የቀረው ያ ሬሳ የተሸከመው ታናሽየው ብቻ ነበር። ዘመዶቹ ሽሽ ሲሉት፣ ሬሳቸውን በጫንቃዬ አድርሼ ምን ያደርጉኛል ብሎ እምቢ አለ አሉ። ወንድሜ በጠራራ ፀሐይ አውድማ ላይ ማሽላ ሲወቃ አገኘው። የመጀመሪያው ጥይት ሆዱን መታው። ሆዱን በእጁ ይዞ በክምሩ ላይ እየዳኸ ሳለ ሁለተኛው ጀርባውን በሳው። ማሽላው በደም ራሰ። እናቱ ምሳ ይዛለት እየመጣች ነበርና ሁሉንም በዓይኗ አየች።

ታናሼ እያለከለከ እኔ ቤት ገባና እንዝርቴን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እታለም፣ የወንድማችንን ደም መልሻለሁ» አለኝ።

እልል አልኩ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን እልል ብያለሁ። ከዚያ ማንን እንደገደለ ነገረኝና ዓይኔ ምሰሶው ላይ ሄደ። ጋቢው እንደተሰቀለ ነው፤ ባለቤቱ ሞቷል። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቤት ሁለት ዓመት ሲታመስ ኖረ። ወንድሜ ዱር ገባ። የእነሱ ሰዎች ጎተራችንን አቃጠሉ፤ የእኛዎቹ በሬዎቻቸውን በጦር ወጉ። አጎቴ ከገበያ ሲመለስ ጠብቀው እጁን በጎራዴ ቆረጡት። ወንድሜን ለመግደል ያልማለ ወንድ በእነሱ ወገን አልነበረም፤ ለእኔ ደግሞ የቀረኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌዎችና ቄሶች መሐል ገብተው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሚደረግ ዕርቅ ቀን ቆረጡ። የሟቹ እናት ይቅር ካለች ወንድሜ ይተርፋል፤ ካላለች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወጥቶ ሩቅ አይሄድም። እኔም ያንን በረሃ የገባውን፣ ማረኝ ብሎ እንኳን ያልላከውን ገዳይ ይቅር ማለት ነበረብኝ። ጋቢውን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ፤ ቂሙ አብሮ እንዲጠፋ ሊቃጠል ነው።

በቀጠሮው ቀን ወንድሜ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እናትየዋ እግር ሥር ተደፋ። እሷ ጥቁሯን እንደለበሰች ቆማለች፤ ወደ እሱ አላየችም። ያለቀሰችው የታለች ብላ ጠየቀች። ወጣሁ። ትተፋብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትተፋብኝም አይፈረድባትም። ጋቢውን ከእጄ ተቀበለችና ጫፉን በጣቷ ዳበሰች።

«ፈትሌ ነው» አለች። «አይቃጠልም። አንች እስከ ዛሬ አልቅሰሽበታል፤ አሁን ተራው የኔ ነው።»

የወንድሜ ደም እንደደረቀበት ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከታናሼ አንገት አነሳችና «ይቅር ለእግዜር» አለችው። ጥርሷን ነክሳ ነበር የተናገረችው።

ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ፤ ሁላችንም ተከተልን። የበደሉንን የሚለው ላይ ስደርስ፣ ሁለት ዓመት እንደለመድኩት አፌ ተዘጋ። አጠገቤ የቆመችው እሷም አቆመች። ሕዝቡ ጸሎቱን ጨርሶ አሜን አለ፤ እሷ ግን ጋቢውን እንደለበሰች፣ እኔ ያንን ቃል እስክለው ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።