ጋቢ የላሰች በቅሎ

የልጅ ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ፏፏቴውን አይታ ስትመለስ አንድ ጥቁር ድንጋይ አምጥታ ከሱቄ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችልኝ። መንገዱ ቀላል ነው፣ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ለራት መመለስ ይቻላል አለችኝ፤ ለእኔ መንገሯ ነው። መምህራቸው ደግሞ ድንጋዩ ድሮ ከምድር ሆድ የወጣ እሳት ነበር፣ ሲበርድ ነው እንዲህ ጎን ጎን ያወጣው ብሏቸዋል። ይሁን፤ እሳት ሲበርድ ምን እንደሚሆን ካየሁ ቆይቻለሁ። ድንጋዩን አንስቼ ሳሸተው ግን የእርጥብ አለቱና የቄጠማው ሽታ ከነውሃው ጩኸት መጣብኝ፤ እናቴም ከነጋቢዋ።

ጊዜው የጣሊያን ነው። አባቴ ቆላ ወርዶ አርበኛ ሆኗል፣ እናቴ ከተማ ቀርታ ጨው ትነግዳለች። ከከተማ ጨው ይዞ መውጣት ክልክል ነበር፤ ጣሊያን ጫካ የገባውን ሰው በጥይት ብቻ ሳይሆን ጨው በሌለው ወጥም ለመፍጀት ቆርጦ ነበርና። የአባቴ ጭን ቆስሎ ማመርቀዙን፣ በጨው ውሃ ካልታጠበ እግሩ እንደማይተርፍ የሰማን ሰሞን እናቴ ያላትን ጨው በገንዳ በጥብጣ ጋቢ ነከረችበት፣ አደረቀችው፣ ደግማ ነከረችው፤ በመጨረሻ ጋቢው እንደ ቁርበት ደርቆ ብቻውን ለመቆም ምንም አልቀረው። ለኅዳር ሚካኤል እሱን ለብሳ ከሕዝቡ ጋር ወደ ፏፏቴው ጠበል ወጣን።

ጠበልተኛ በባዶ ሆዱ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረውን የባቄላ እሸት ሁሉ በዓይኔ በላሁት። ገብሱ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፣ ጤዛው ቁርጭምጭሚታችንን ያርሰዋል፣ አሮጊቶቹ ዳገት ባለመኖሩ አምላካቸውን ያመሰግናሉ፤ እናቴ ብቻ በጋቢው ውስጥ እንደ ጣውላ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ጎረቤታችን፣ ጋቢሽ ምነው እንዲህ ከረረ ብትላት፣ "ባል የሌለበት ቤት ጋቢም ይከርራል" አለቻትና መንገዱ በሳቅ አጠረ።

ሜዳው ድንገት ያበቃል። ውሃው ከጫፉ ራሱን ይጥላል፤ በጠመዝማዛው መንገድ ሲወርዱ ከገደሉ ስር ግራና ቀኝ ጥቁር የድንጋይ ምሰሶዎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል፣ አናጢ የጠረባቸው ይመስላሉ። ለጨው ነጋዴ ልጅ ግን ያው የአሞሌ ቁልል ናቸው፤ እንደ ጡብ ተቆርጦ የሚመጣው ጨው፣ ይህ ደግሞ የጠቆረው። የተሰበሩት ምሰሶዎች እንደ በርጩማ ጉቶ ሆነው ስለቀሩ ጠበልተኛው ልብሱን እዚያ አኑሮ ነው የሚገባው። እናቴም ጋቢዋን ከጥጉ ጉቶ ላይ አኖረች፤ የረሳችው መስላ ትታው ልትሄድ፣ ኋላም የአባቴ ሰው መጥቶ ሊያነሳው።

ሁሉን አስባ ነበር፣ የውሃው ፍንጣቂ የማይደርስበትን ቦታ እንኳ። ከብት ጨው እንደሚወድ ግን፣ ዕድሜዋን ለከብት ጨው የሸጠች ሴት፣ ረሳችው። ሕዝቡን የሚጠብቁ አንድ ጣሊያንና አንድ ባንዳ እዚያው ቆመው ነበር፤ የባንዳው በቅሎ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀው፣ ቀስ እያለች ሄዳ ጋቢውን ትልስ ጀመር። እናቴ ከጠበሉ ስር ሆና አየች። መውጣት አትችልም፤ ከጠበል የሚሸሽ ጋኔን አለበት ተብሎ ይያዛል።

ባንዳው መጣ። ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ የዚሁ የአገራችን ገበሬ ነው፤ በቅሎ ለምን ጨርቅ እንደምትልስ ነጋሪ አያሻውም። የጋቢውን ጫፍ ነካ አድርጎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አሳረፈ። ጣሊያኑ ከወዲያ ሆኖ ጠየቀው፤ በተሰባበረ ጣሊያንኛ መለሰለት፤ ጣሊያኑ ሳቀ። ምን እንዳለው ያወቅነው ለሕዝቡ ስለደገመው ነው፤ "በቅሎዬ የሰው ላብ ትወዳለች።" ሕዝቡም ሳቀ። ከዚያ ጋቢውን አጥፎ ከረጅሙ ጉቶ ላይ ሰቀለው፤ እናቴ ውሃ እየተንጠባጠበች ስትደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሜቴ፣ ጨርቅዎን ከፍ ያድርጉት፤ ሌላም በቅሎ አለ።"

ጋቢው ደረሰ፤ የአባቴ ጭን ዳነ። ጣሊያን ሲወጣ አባቴ በበቅሎ ተቀምጦ ገባ፣ ሰፈሩ እልል አለ፤ እኔ የማየው ግን የበቅሎዋን የተሰነጠቀ ግራ ጆሮ ነበር። በዳነው እግሩ ወንዝ መሻገሪያ ላይ አድፍጦ አንድ ባንዳ እንደጣለ፣ በቅሎዋም የዚያ ምርኮ እንደሆነች ከነፉከራው ነገረን። እናቴ ወደ ቤት ገባች፤ ጨው በመዳፏ ይዛ ወጣችና በቅሎዋን አስላሰች። እስክትሞትባት ድረስ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ አደረገች፤ አባቴ ለእኔ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሽም እያለ ይቀልድባት ነበር። አልነገረችውም። ለእኔም አትንገሪ አላለችኝም፤ አላስፈለጋትም።

አባቴ ካለፈ በኋላ፣ እናቴ በየዓመቱ ለሙታን ጸሎት ስም ስታስጠራ የእሱን የክርስትና ስም ሰጥታ፣ ሌላም አንድ አለ ትል ነበር። ቄሱ ስሙን ይጠይቃሉ፤ አላውቀውም ትላለች፤ ያለ ስም እንዴት ብዬ ልጥራው ይሏታል።

"ባለበቅሎው ይበሉት፣ አባ። እግዜር ያውቀዋል።"

ፏፏቴው ይኸው አለ፤ አሞሌዎቹም እስካሁን ገዥ አላገኙም። የጎደለው ሰው ነው፤ አባቴ ከነፉከራው፣ እናቴ ከነዝምታዋ፣ ያ ገበሬ ከነስሙ። ድንጋዩን በልማዴ ሚዛን ላይ ላስቀምጠው ብዬ ተውኩት። ለኅዳር ሚካኤል የአባቴንና የእናቴን ስም ይዤ እሄዳለሁ፣ ሌላም አንድ አለ እላለሁ፤ ቄሱም እንደ ልማዳቸው ሦስተኛው ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል።