ጋማ ጎንጓኟ እህቴ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ገበያ ቀይ የሱፍ ክር አየሁና ጣቴ ላይ ጠቅለል አደረግሁት። ወዲያው የፈረስ ላብና የእርጥብ ሣር ሽታ ሽው አለኝ፤ የትንሿ እህቴ ልጅነትም ትዝ አለኝ።

አራት ዓመቷ ነበር። ቅልብልብ ናት ብል አይገልጻትም፤ ተረት ስጀምርላት ጅቡ ከጫካው ሳይወጣ እሷ ከቤት ትወጣ ነበር። የኬጂ አስተማሪዋ እናታችንን ጠርታ፣ «ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ግን ቀልቧ አይሰበሰብም፤ ሌሎቹንም ትረብሻለች። ጥር እስኪያልቅ ካልተሻላት ዘንድሮን ቤት ትቆይ» አለቻት። እናታችን ሱቅ ነው የምትውለው። እና ቤት ማን ሊጠብቃት ነው? እኔ ነኛ፤ ትምህርቴን ትቼ። ስለዚህ የልጅቷን አደብ መግዛት ከእናታችን ይልቅ እኔ ተመኘሁት።

ምስር አስለቀምኳት፤ ለዶሮ በተነችው። ቀለም ሰጠኋት፤ ድመቷን ቀባቻት።

በየዓመቱ ጥር ላይ የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ አጎታችን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ፈረሱን ማስዋብ ጀመረ። በአገውኛ እያዋራው ጋማውን በቀይ ክር ይጎነጉናል፤ ካላማረው ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። እህቴም እኔ ካልጎነጎንኩ ብላ አለቀሰች። ድንጋይ ላይ አቆማትና ከጋማው ጥቂት ጸጉር ለይቶ ሰጣት።

«አንቺ ስትቁነጠነጪ እሱም ይቁነጠነጣል» አላት። «ቀስ በይ።»

ሲሰለቻት ሳይቆጣ አወረዳት፤ በማግስቱ ትንሽ ጨመረላት። እኔ ክር አቀባይ ሆንኩ። ምክር ልጨምር ስል በዓይኑ ዝም ያሰኘኛል። እየዋለ እያደረ ግማሹን ጋማ ሳትወርድ መጨረስ ቻለች፤ የሚሰማው የእሷና የፈረሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ጥር ሲያልቅ አስተማሪዋ እናታችንን እንደገና ጠራቻት። ጉዴ ፈላ ብዬ ተከተልኳት። አስተማሪዋ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። እህቴ ከቤት በሸሸገችው ክር ፊቷ የተቀመጠችውን ልጅ ጸጉር እንደ ፈረስ ጋማ ጎንጉናዋለች፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከወንበሯ ሳትነሳ።

«ለተጎነጎነችው ልጅ እናት እርስዎ ያስረዱልኝ» አለች አስተማሪዋ። «ይቺ ግን እዚሁ ክፍሌ ትቆይልኝ።»

ከደስታዬ ብዛት እዚያው አለቀስኩ።

ዛሬ እህቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለእረፍት ስትመጣ መስኮቱ ሥር መጽሐፏን ይዛ ትቀመጣለች። ስጠራት አትሰማኝም። ብዙ የማጫውታት ነገር ነበረኝ፤ ትናንት ከመጽሐፏ ቀና እስክትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ መሸ።