ለጋሼ የደረሰው ክኒን

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ወደ መሐል ዘርግቷል፤ መርገጫ የለም። ከምርጫው ግርግር በኋላ ፖሊሶች መርካቶ፣ ከሱቄ ደጃፍ ይዘውኝ ነው የመጡት። ተጠጋግተው ቦታ የሰጡኝ በዕድሜ የገፉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ከላይ ባለችው ቀዳዳ የአውቶቡስ ተራ ረዳቶች "ጅማ፣ ጅማ" ሲሉ ይሰማል።

ጋሼ ሲያዙ ቅልጥማቸውን በዱላ ተመትተው ቁስሉ አመርቅዟል። ትኩሳቱ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ሐኪም ስንጠይቅ "ነገ" እንባላለን።

እኛ ክፍል ውስጥ ሶሻሊዝም ገና አልወደቀም ነበር። ከደጅ የገባ ሁሉ የጋራ ነው፤ ዳቦውም፣ ሳሙናውም፣ መድኃኒቱም። ለአንድ ወጣት መምህር የጥርሱ መድኃኒት ከቤት ተላከለት። ፈታሾቹ ማሸጊያውን አስቀርተው ክኒኑን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። እሱም የራሱን ሕመም ችሎ፣ ቁስሉን ያደርቅላቸዋል ብሎ ለጋሼ አቀረበላቸው።

"ፔኒሲሊን እንዳይሆን ልጄ። አንዴ በመርፌ ወግተውኝ ልሞት ነበር።"

"አይደለም ጋሼ፣ አሞክሳሲሊን ነው።"

ጋሼ ክኒኑን መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ልጁ ያለውን ይዞ ፊታቸው ቆሟል፤ ደግሞ መጠየቅ እሱን ማሳፈር መሰላቸው። ይሉኝታ የማያስውጠው ነገር የለም። "ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም" አሉና ቢስሚላህ ብለው ዋጡት። ሁለቱ መድኃኒቶች የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ መዳፋቸውን ማከክ ጀመሩ። ከንፈራቸው አበጠ፤ ትንፋሻቸው ያፏጭ ጀመር። በሩን በጡጫ ደበደብን። ፖሊሶቹ ዘግይተው መጥተው ሊጎትቷቸው ሲሉ ጋሼ በእጃቸው ከለከሏቸው። ኮፍያቸውን አደረጉ፤ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። መምህሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ። ድምፅ አልወጣቸውም። ከዚያ በእግራቸው ወጡ።

በማግስቱ ስንጠይቅ "ተዛውረዋል" ተባልን። መቀበራቸውን ከልጃቸው የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው።

መምህሩ ዛሬም ወዳጄ ነው። አንዳንዴ ጨዋታ መሐል መዳፉን ይመለከታል፤ ያኔ ሐሳቡ የት እንደሄደ አውቃለሁ። "መርቀውህ ነው የሄዱት፣ በዓይኔ አይቻለሁ" እለዋለሁ። እጃቸውን ማየቴ እውነት ነው። እየመረቁት ይሁን ወይስ እንዳይወድቁ ተደግፈውት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን አልነግረውም።