አራት ጊዜ የተመለሰ ሂሳብ

ማካይ ከተማ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ውስጥ ከግሌኒስ ፐርሴል ፊት ለፊት ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሥራችን የአቅራቢዎችን ሂሳብ መክፈል ነበር። መክፈል ይባል እንጂ ቀኑ የሚያልቀው በማመሳከር ነው። የመጣው የክፍያ መጠየቂያ ከግዢ ትዕዛዙ ጋር ይገጥማል ወይ? ትዕዛዙስ ከርክክቡ ጋር? ከገጠመ ያልፍና በስድሳኛው ቀን ይከፈላል። ካልገጠመ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ወረቀቱ ወደ ላኪው ይመለሳል።

ግሌኒስ በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ብሪዝቤን ገብተዋል። በቀን መቶ አርባ ወረቀት ትጨርሳለች፤ ከእኛ መሃል የሚጠጋት አልነበረም። አፏን ሞልታ ባትናገረውም በዚህ ትኮራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንግዳ ተቀባይዋ ከታች ደወለች። አንድ ሰውዬ የክፍያ ሰው ካላየሁ አልሄድም ብሎ ቆሟል አለችን። አቅራቢ በእግሩ ወደ ቢሯችን መጥቶ አያውቅም። ኢሜይል አለ፤ ማንም የማያነሳው ስልክም አለ። ግሌኒስ ብቻዋን መውረድ ስላልፈለገች አብሬያት ወረድኩ።

ሰውየው ሳልቩ ግሬች ይባላል። ወላጆቹ ለሸንኮራ ቆረጣ ከማልታ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ አቅራቢያ፣ ዎከርስተን ውስጥ፣ ፓምፕ ይጠግናል። ዕድሜው ስድሳን አልፏል። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ ቆሟል።

“አንቺ ነሽ የምትከፍዪው?” አላት።

“እኔ አልከፍልም፤ አመሳክራለሁ።”

“እንግዲያው ይኼን አመሳክሪልኝ እህቴ፤ እኔስ አቅቶኛል።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በፌብሩዋሪው ጎርፍ የኩባንያችን የከሰል ጉድጓድ በውሃ ሞልቶ ዋናው ፓምፕ ተበላሸ። ቅዳሜ ቀን የፈረቃ አለቃው ዳሪል ኔስቢት ለሳልቩ ደወለለት። ሳልቩና ሁለት ሠራተኞቹ እስከ ሰኞ ጭቃ ውስጥ ሠርተው ፓምፑን አስነሱት። ሂሳቡ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ዶላር ሆነ። የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር ግን አልነበረውም፤ ቅዳሜ ቀን ትዕዛዝ የሚቆርጥ ሰው ቢሮ ውስጥ የለምና። መጠየቂያውን አራት ጊዜ ላከ፤ አራት ጊዜ ተመለሰለት።

“ዳሪልን ለምን አልጠየቅኸውም?” አለችው ግሌኒስ።

“ሥራ ለቋል። በእሱ ቦታ የመጣው ደግሞ አላውቅህም አለኝ። እውነቱን ነው፣ አያውቀኝም።”

አልጮኸም። በኋላ ግሌኒስ “ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር” አለችኝ።

ወደ ወንበሯ ተመልሳ መዝገቡን ከፈተች። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የመለሳቸው ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው፤ ሦስተኛውን ማኒላ ያለው ቢሯችን። አራተኛው ጎን ላይ የሰፈረው ግን የእሷው ስም ነበር። ከተከፈተ እስኪመለስ የወሰደውም ጊዜ ተመዝግቧል፤ አሥራ አንድ ሰከንድ። ከወረቀቱ ግርጌ ሳልቩ በእጁ “እባካችሁ ደውሉልኝ” ብሎ ጽፎበት ነበር።

“አላየሁትም” አለችኝ። መዝገቡን እንደገና አይታ ደግሞ፣ “ወይ አይቼዋለሁ” አለች።

ቅዳሜ መኪናዋን አስነስታ ወደ ሳሪና ከተማ ሄደች። ዳሪል እዚያ ባሕሩ ዳር ሸርጣን እያጠመደ ይኖራል። የመጣችበትን ስትነግረው ወጥመዱን ከእጁ አስቀመጠ።

“እስካሁን አልተከፈለውም? እኔ’ኮ ‘ኩባንያው ይከፍላል፣ አታስብ’ ብዬዋለሁ።”

“ይኼንኑ ጻፍልኝ።”

“ምን ብዬ?”

“ማን እንደደወለ፣ ምን እንደተሠራ፣ ፓምፑ መቼ እንደተነሳ። ሌላ ምንም አትጨምርበት።”

ጽፎ ፈረመላት።

ሰኞ የሂሳብ ኃላፊያችን አኒታ ሄግዴ ዘንድ አብረን ገባን። አኒታ ክፉ አይደለችም። ከደንብ ውጭ የሚከፈል ሂሳብ ሁሉ ግን በወሩ ሪፖርት በስሟ ይቆጠርባታል።

“ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈበት ትዕዛዝ አልፈርምም፣ ግሌኒስ። ኦዲተሮቹ ይበሉኛል።”

“ወደ ኋላ አንጽፍም። ሳይታዘዝ ተሠራ ብለን እውነቱን እንጻፍ። ለዚያ የሚሆን ቅጽ አለ፤ ተሞልቶ አይቼው አላውቅም እንጂ።”

አኒታ የዳሪልን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበችው። “እሺ። ስድሳው ቀን ከዛሬ ይቆጠራል።”

“ሰውየው ሥራውን ከጨረሰ አምስት ወሩ ነው።”

አኒታ ቅጹ ላይ “ወዲያው ይከፈል” ብላ ጽፋ ፈረመች። ሐሙስ ተከፈለ።

ግሌኒስ ራሷ ልትነግረው ዎከርስተን ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሳልቩ አመስግኗት ሻይ አፈላልን። ከጋራዡ ጎን ያለው የመኪና መጠለያ ባዶውን ነበር። ባለ ክሬኑ መኪና እዚያ ይቆም እንደነበር፣ ለሠራተኞቹ ደመወዝ ሲል ባለፈው ወር እንደሸጠው ነገረን።

“ገንዘቡ ቀድሞ ቢመጣ አትሸጠውም ነበር” አለች ግሌኒስ።

“አልሸጠውም ነበር።” ሻዩን ጠጣ። “አንቺን አልቀየምም። የኩባንያ ሥራ ግን በቃኝ። የሸንኮራ ገበሬዎቹ ይሻሉኛል። እነሱም ክፍያ ያዘገያሉ፤ ግን ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ ያፍራሉ።”

አራተኛውን የመለስኩት እኔ ነኝ ብላ የነገረችው ያኔ ነው። ሻይ ጨምሮ ቀዳላትና፣ “እንደዚያ ከሆነ መምጣትሽ ጥሩ ነው” አላት።

ከዚያ ወዲህ ግሌኒስ ወረቀት ከመመለሷ በፊት ለአቅራቢው መደወል ጀመረች። ብዙዎቹ አጭበርባሪ እየመሰለቻቸው ይዘጉባት ነበር፤ መልሳ ትደውላለች። የቀን ሥራዋ ወደ ዘጠና ወረቀት ወረደ። በዓመቱ ግምገማ አፈጻጸሟ ቀንሷል ተብሎ ተጻፈባት። “ልክ ነው፣ ቀንሷል” ብላ ፈረመች። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሠርታ ጡረታ ወጣች።

እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። መደወልን ከእሷ ተማርኩ ብል ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ወረቀት ሲከመርብኝ እጄ በቀጥታ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ባለፈው ሐሙስ ግን አጥር ለምትሠራልን አንዲት ሴት ደወልኩ። በሦስተኛው ጥሪ አነሳች።

“ሰው ነሽ ወይስ ማሽን?” አለችኝ።

ሰው ነኝ አልኳት፤ ከመጠየቂያዋ የጎደለውንም የትዕዛዝ ቁጥር አብረን ፈለግን።